አራት ጊጋ ውስጥ አንዲት ፋይል ማረም

እንዴት ሰነበታችሁ? ለዚህ እትም ከመጡት ጥያቄዎች አራቱን መርጫለሁ። ላያቸው ይለያያል እንጂ ሁሉም የሚጠይቁት ስለ ዲስክ ኢሜጅ ነው። ዲስክ ኢሜጅ ማለት አንድ ሙሉ ሲዲ ወይም ሚሞሪ ካርድ ከነሆዱ ተገልብጦ አንድ ፋይል ሆኖ ሲቀመጥ ነው። ጠያቂዎቹ በሙሉ ውስጡ ገብተው አንዲት ነገር መለወጥ ይፈልጋሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በሰፊው እመልሳለሁ፤ የቀሩትን ቶሎ ቶሎ።

ትዕዛዞቹን እንደ ልማዳችን በራሳችን ፊደል ነው የምጽፋቸው። ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ስትተይቡ በእንግሊዝኛ ፊደል አድርጓቸው። አጻጻፉ የሚያሳስት ሲሆን ፊደል በፊደል እነግራችኋለሁ። የፋይል ስሞቹ ግን እንዳሉ በአማርኛ ቢሆኑ ችግር የለም።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። የኮምፒውተር ክፍላችን ኢንተርኔት የለውም። አንድ ባልደረባችን ኡቡንቱን (የሊኑክስ ዓይነት ነው) ከነመጻሕፍቱና ከነሞዴል ፈተናው በአንድ አይኤስኦ ፋይል፣ ማለትም በሲዲ ኢሜጅ፣ አዘጋጅቶልን ነበር። ከፍላሽ ነው የምናስነሳው። መጠኑ 4 ጊጋ ከምናምን ነው። አሁን የፊዚክስ ሞዴል ፈተናው መልስ ላይ ስህተት ተገኘ። አንዲት ፒዲኤፍ ናት። አይኤስኦውን ማውንት አድርጌ (እንደ ዲስክ ከፍቼ) አዲሱን ልገለብጥበት ብል "ሪድ ኦንሊ ፋይል ሲስተም" ይለኛል። በሱዶም ሞከርኩ፣ ያው ነው። ባልደረባዬ ተዛውሯል፤ አሠራሩንም አላሳየንም። ለአንዲት ፋይል ሁሉንም እንደ አዲስ መሥራት አለብኝ? ሌላው፣ በአማርኛ የሰየምናቸው ፋይሎች ዊንዶውስ ላይ ስንከፍታቸው ስማቸው የታች ሰረዝ ብቻ ይሆናል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ መምህር፣ እንደ አዲስ መሥራት አይጠበቅብዎትም። በአንድ መስመር ያልቃል። መጀመሪያ ግን ሱዶ ለምን እንዳልረዳዎት ልንገርዎት። ይሄ ከገባዎት የቀረው ቀላል ነው።

ሱዶ የሚሰጠው የአስተዳዳሪ ፈቃድ ነው። እዚህ የጎደለው ፈቃድ አይደለም። ሊኑክስ አይኤስኦን ማንበብ እንጂ መጻፍ አያውቅም። ዊንዶውስም ያው ነው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ አይኤስኦን ሁለቴ ክሊክ ሲያደርጉት እንደ ሲዲ ይከፍተዋል፤ ውስጡ ግን ምንም አያስቀምጥልዎትም። የታሸጉ ፋይሎችን የሚፈታው ሰቨን ዚፕም ከፍቶ ያወጣል፣ መልሶ ማስገባት ላይ እምቢ ይላል። ቅርጹ ከመጀመሪያው እንዲታረም ታስቦ አልተሠራም።

አይኤስኦ 9660 የሚባለው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። የታሰበው ፋብሪካ ውስጥ አንዴ ለሚታተም ሲዲ ነበር። ዲስኩ እያንዳንዳቸው 2048 ባይት በሆኑ ብሎኮች ይከፈላል። የመጀመሪያዎቹ 16 ብሎኮች ለማስነሻና ለመሳሰለው የተተዉ ናቸው። ቀጥሎ የዲስኩ መታወቂያ ይመጣል። ከዚያ ማውጫው አለ፤ የፋይሉ ስም፣ የሚጀምርበት ብሎክ፣ ርዝመቱ። በቃ። ፋይሎቹ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ይደረደራሉ። ባዶ ቦታ የት እንዳለ የሚመዘግብ ነገር የለም፤ ዱሮም ባዶ ቦታ አልታሰበለትማ።

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ የሚሄድ የሞላ አውቶቡስ ያስቡ። ረዳቱ የያዘው ወረቀት "ከ12 ቁጥር ጀምሮ አራት ሰው" ብቻ ነው የሚለው። ከቤተሰቡ አምስተኛ ሰው ቢመጣ 16 ቁጥር ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ጭን ላይ ነው የሚያርፈው።

የእርስዎን ፒዲኤፍ እንውሰድ። 300 ኪሎባይት ነው እንበል፣ 150 ብሎክ ይይዛል። ከብሎክ 500000 ቢጀምር 500149 ላይ ያልቃል። 500150 ላይ የኬሚስትሪው ፈተና ይጀምራል። የታረመው 310 ኪሎባይት ቢሆን 155 ብሎክ ይፈልጋል። የተረፉት አምስት ብሎኮች ኬሚስትሪው ላይ ይጻፋሉ። ፊዚክስ ታርሞ ኬሚስትሪ አልከፈት ይላል ማለት ነው።

"መጠኑ እኩል ከሆነ ባይት በባይት በሚገለብጠው በዲዲ እዚያው ላይ መጻፍ ይቻላል" የሚል ጎበዝ አይጠፋም። ይቻላል። ግን "ኮንቭ=ኖትራንክ" የምትለዋን ከረሳት፣ ዲዲ ከጻፈበት በኋላ ያለውን ሁሉ ቆርጦ ይጥለዋል። አራት ጊጋ የነበረው አንድ ጊጋ ሆኖ ያገኙታል። ለተማሪ ፈተና ይሄን አልመክርም።

የሚፈልጉት ፕሮግራም ዞሪሶ ይባላል። አጻጻፉ ኤክስ፣ ኦ፣ ሁለት አር፣ አይ፣ ኤስ፣ ኦ ነው። ነፃ ነው፤ ኡቡንቱ ላይ "ሱዶ አፕት ኢንስቶል ዞሪሶ" ብለው ይጭኑታል። ትንሽ ነው፣ በስልክ ዳታም ይወርዳል። ዊንዶውስ ብቻ ያለው ሰው በደብሊው ኤስ ኤል (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ ማስኬጃ) ኡቡንቱን አስገብቶ ያንኑ መጠቀም ይችላል።

የታረመውን ፒዲኤፍ ከአይኤስኦው ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ያድርጉት። ከዚያ እንዲህ ይበሉ፤ ሁሉም በአንድ መስመር ነው፦

ዞሪሶ -ኢንዴቭ ትምህርት.አይኤስኦ -አውትዴቭ ትምህርት2.አይኤስኦ -ቡት_ኢሜጅ ኤኒ ሪፕሌይ -አፕዴት መልስ.ፒዲኤፍ /ፊዚክስ/መልስ.ፒዲኤፍ

ኢንዴቭ የሚነበበው ነው፤ አሮጌው። አውትዴቭ የሚጻፈው ነው፤ አዲሱ። አዲሱ ፋይል ቀድሞ መኖር የለበትም። ካለና ውስጡ የሆነ ነገር ካለው ዞሪሶ አልጽፍም ብሎ ይቆማል፣ ደግ አደረገ። አፕዴት ሁለት አድራሻ ይፈልጋል፤ መጀመሪያ የርስዎ ሃርድ ዲስክ ላይ ያለችው ፋይል፣ ቀጥሎ አይኤስኦው ውስጥ የምትቀመጥበት ቦታ። ሁለተኛው አድራሻ ሁልጊዜ በወደ ቀኝ ባጋደለ ሰረዝ ይጀምራል። ዞሪሶ ሁለቱን አወዳድሮ ልዩነት ካለ ይተካዋል።

"ቡት_ኢሜጅ ኤኒ ሪፕሌይ" የምትለዋን አደራ። ቡት እና ኢሜጅ መካከል የታች ሰረዝ አለች። ኤኒ፦ ኤ፣ ኤን፣ ዋይ። ሪፕሌይ፦ አር፣ ኢ፣ ፒ፣ ኤል፣ ኤ፣ ዋይ። አሮጌው አይኤስኦ ከፍላሽ እንዲነሳ ያደረገውን ማስነሻ አዲሱም ላይ ድገመው ማለት ነው። ይቺ ከቀረች ፋይሉ ይሠራል፣ ኮምፒውተሩ ግን ላይነሳ ይችላል። ሱቄ ድረስ "አይኤስኦው ተበላሸ" ተብለው ከሚመጡት ብዙዎቹ የዚች መስመር ጉድለት ናቸው። ሌላ ሰው አውጥቶ፣ አስተካክሎ፣ መልሶ ያሸገው ሆኖ ማስነሻው እዚያው ቀርቷል።

ሁለተኛ ፋይል መሥራቱ ቦታ ያባክናል ሊሉኝ ይችላሉ። ልክ ነው፣ አራት ጊጋ ተጨማሪ ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። እኔ ግን ሁልጊዜ ይሄኛውን መንገድ ነው የምመርጠው። መብራት የሚጠፋበት ሰዓት አይታወቅማ! ጽሑፉ መሐል ላይ ቢቆም የተበላሸው አዲሱ ነው። አሮጌው አልተነካም። መብራት ሲመጣ ግማሹን ያጠፉታል፣ ትዕዛዙን ይደግሙታል።

አንድ ነገር አረጋግጡ ብዬ ልለፍ። ፒዲኤፍዋ የት ነው ያለችው? እርስዎ ዊንዶውስ ላይ ትከፈታለች ስላሉኝ አይኤስኦው ውስጥ በቀጥታ ተቀምጣለች ማለት ነው፤ ጥሩ። ኡቡንቱ ከተነሳ በኋላ "ሲዲሮም" የሚለው ፎልደር ውስጥ ትገኛለች። ኡቡንቱ ተነስቶ ዴስክቶፕ ላይ ብቻ የምትታይ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ ነበር። ያኔ አይኤስኦው ውስጥ ካለ ስኳሽኤፍኤስ የሚባል ሌላ የተጨመቀ ኢሜጅ ውስጥ ናት። እሱን በ"አንስኳሽኤፍኤስ" ማውጣት፣ ማስተካከል፣ በ"ኤምኬስኳሽኤፍኤስ" መልሶ ማሸግ፣ ከዚያ እላይ ባለው ዓይነት ትዕዛዝ መተካት ነው። እርስዎ ጋ አያስፈልግም።

ሲጨርሱ ፍላሽ ላይ ከመጻፍዎ በፊት አዲሱን ይዩት። ማውንት አድርገው ፒዲኤፍዋን ይክፈቱ፤ የታረመው መልስ መሆኑን በዓይንዎ ይዩ። ማስነሻውን ለማየት ደግሞ፦

ዞሪሶ -ኢንዴቭ ትምህርት2.አይኤስኦ -ሪፖርት_ኤል_ቶሪቶ ፕሌን

ኤል ቶሪቶ የሲዲ ማስነሻ ደንብ ስም ነው፣ ከ1995 ጀምሮ ያለ። አሮጌውንም በዚሁ ትዕዛዝ ጠይቀው ጎን ለጎን ያስተያዩ። የማስነሻ መስመሮቹ ብዛት እኩል ከሆነ ጥሩ ነው። ኪውኢሙ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም) ያለው ሰው ፍላሽ ሳያባክን እዚያው ላፕቶፑ ላይ አስነስቶ ማየት ይችላል።

ኡቡንቱ አይኤስኦ ላይ "ኤምዲ5ሰም.ቲኤክስቲ" የምትባል ዝርዝር አለች። የፋይሎቹ መለያ ቁጥር እዚያ ተጽፏል። ሲነሳ ፋይሎቹን የሚፈትሸው ከሷ ጋር እያስተያየ ነው። ባልደረባዎ ፒዲኤፎቹን እዚያ ውስጥ አስገብቷቸው ከሆነ፣ የተቀየረችው ፋይል ላይ "ስህተት አለ" ሊል ይችላል። አይደንግጡ። የፋይሏን አዲስ ቁጥር በ"ኤምዲ5ሰም" አውጥተው መስመሯን ያርሙና ዝርዝሯንም በአፕዴት ይተኩ። ሁለቱንም በአንድ ትዕዛዝ መስጠት ይቻላል፤ አፕዴትን ሁለቴ መጻፍ ነው።

አዲሱን አይኤስኦ ወደ ሌላ ኮምፒውተር በፍላሽ ልውሰድ ካሉ ደግሞ የፍላሹን ፎርማት ይዩ። ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ባዶ ቦታ ሞልቶ እያለ "ቦታ የለም" ወይም "ፋይሉ ትልቅ ነው" የሚለው ለዚህ ነው። ኤክስፋት አድርገው ፎርማት ያድርጉት። ቬንቶይ (አይኤስኦን ፍላሽ ላይ እንደተገለበጠ የሚያስነሳ ፕሮግራም) የምትጠቀሙ ከሆነማ አሮጌውን አጥፍቶ አዲሱን መገልበጥ ብቻ ነው፤ የቬንቶይ ፍላሽ ራሱ ሲዘጋጅ ኤክስፋት ሆኖ ነው።

አሁን ወደ አማርኛ ስሞቹ። መጀመሪያው የ1988ቱ ደንብ የሚያውቀው ከኤ እስከ ዜድ፣ ቁጥሮችና የታች ሰረዝን ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ የታች ሰረዝ ይሆናል። "የፊዚክስ_መልስ" ብለው የሰየሙት ሙሉ በሙሉ ሰረዝ ሆኖ የሚያዩት ስለዚህ ነው። በኋላ ሁለት ማስፋፊያ መጣ። አንዱ ሮክ ሪጅ ነው፣ ሊኑክስ ያነበዋል፣ ዊንዶውስ አያነበውም። ሌላው ማይክሮሶፍት ያመጣው ጆሊየት ነው፣ ዊንዶውስ የሚያነበው እሱን ነው። ዞሪሶ ሮክ ሪጅን ሳይጠየቅ ይጽፋል፤ ጆሊየትን ግን ካልጠየቁት አይጽፍም። ስለዚህ እላይ ያለው ትዕዛዝ ውስጥ፣ ከአፕዴት በፊት፣ ይሄን ጨምሩ፦

-ጆሊየት ኦን

ጆሊየት ለያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት ይመድባል። ሲወጣ የእኛ ፊደል ገና ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው ደንብ) ውስጥ አልነበረም፤ የገባው በ1999 ነው። ቦታው ግን ስለበቃው ዛሬ ያለ ችግር ይጻፋል። ስሙ ከ64 ፊደል እንዳይበልጥ ብቻ ተጠንቀቁ። በሮክ ሪጅ በኩል ገደቡ 255 ባይት ነው፣ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ 85 ፊደል ማለት ነው። የምዕራፉን ርዕስ ሙሉውን የፋይል ስም የሚያደርጉ መምህራን አሉ፤ ለእነሱ ይሄ ይነገርልኝ።

ሊኑክስ ላይም ስማቸው ሰረዝ ሆኖ ከሆነ ግን፣ ስሙ አይኤስኦው ሲሠራ ነው የጠፋው። ያንን ጆሊየት አይመልሰውም። በ"ኤምቪ" እያንዳንዱን እንደገና መሰየም ነው፦ -ኤምቪ፣ አሮጌ ስም፣ አዲስ ስም፣ ሁለት ሰረዝ።

ጥያቄ፦ እዚሁ ባሕር ዳር ከወንድሜ ጋር ፎቶ ቤት አለን። የየሠርጉን ፎቶ አንዳንድ አይኤስኦ አድርገን ነው የምናስቀምጠው። አንዲት ደንበኛችን ከትዳሯ ስትለያይ መጥታ፣ የተወሰኑ ፎቶዎች እኛም ጋ እንዳይኖሩ ለመነችን። ወንድሜ በዞሪሶ "-ዴቭ" የሚል ተጠቅሞ አጠፋቸው። ስንከፍተው የሉም። የፋይሉ መጠን ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ትንሽ ጨመረ። ጠፍተዋል ብዬ ልንገራት?

መልስ፦ እህቴ፣ ገና ነው። አትንገሪያት።

ወንድምሽ የተጠቀመው ዞሪሶ የሚያውቀውን ሌላ መንገድ ነው። ኢንዴቭና አውትዴቭ ለየብቻ ሲሰጡት አዲስ ፋይል ይጽፋል። "ዴቭ" ሲባል ግን ያንኑ ፋይል ነው የሚያነበውም የሚጽፍበትም። ቅድም ለመምህሩ እንዳልኩት መሐል ላይ ማረም አይቻልም። ስለዚህ ምን ያደርጋል? የነበረውን ሳይነካ መጨረሻው ላይ አዲስ ማውጫ ይቀጥልበታል። ከዚያ መግቢያው ላይ "ከአሁን በኋላ ማውጫው ያኛው ነው" ብሎ ይጽፋል። በአዲሱ ማውጫ ላይ የልጅቷ ፎቶዎች ስም የለም። ፎቶዎቹ ግን በነበሩበት ብሎክ፣ በነበሩበት መጠን አሉ። መጠኑ የጨመረው ለአዲሱ ማውጫ ነው።

ይሄ የዞሪሶ ክፋት አይደለም። አንዴ ብቻ በሚጻፍበት ሲዲ ላይ ተጨማሪ ነገር ለመጻፍ የተፈጠረ ብልሃት ነው። ሲዲ ላይ መፋቅ አይቻልማ። ትልቅ ፋይል ላይ ትንሽ ነገር ለመጨመር ደግሞ ፈጣን ነው፤ ሁሉንም ዳግም አይጽፍም። ለማጥፋት ግን አይሆንም።

ያልጠፋ መሆኑን በራስሽ ማየት ትችያለሽ። ፎቶሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። የጠፋ ፎቶ ፍለጋ ሰዎች ሚሞሪ ካርድ ይዘው ወደ እኔ ሲመጡ የምጠቀመው እሱን ነው። ማውጫ አይጠይቅም። ከመጀመሪያው ባይት እስከ መጨረሻው እያነበበ ይሄዳል። ጄፔግ ፎቶ ሁሉ መጀመሪያው ላይ አንድ ዓይነት ምልክት አለው፤ ፎቶሬክ ያንን ምልክት ባገኘበት ፎቶ ብሎ ያወጣዋል። "ፎቶሬክ" ብለሽ አጠገቡ የአይኤስኦውን ስም ጻፊ። የጠፉት ፎቶዎች አንድ በአንድ ይመጣሉ። እኔ ይሄን የማደርገው ደንበኛ ስለሚከፍለኝ ነው። ላፕቶፓችሁን ነገ የሚገዛ ሰውም በነፃ ያደርገዋል።

እንግዲህ ማጥፋት ማለት ምንድን ነው? የሚቀሩት ፎቶዎች ብቻ ወደ አዲስ ፋይል እንዲገለበጡ ማድረግ ነው። ዞሪሶ በኢንዴቭና በአውትዴቭ ሲሠራ ማውጫው ላይ ያሉትን ብቻ ነው ወደ አዲሱ የሚወስደው። ማውጫ ላይ የሌለው ብሎክ አይከተልም። ወንድምሽ ማውጫውን አስቀድሞ ስላስተካከለው አሁን የቀረሽ መገልበጡ ነው፦

ዞሪሶ -ኢንዴቭ ሠርግ.አይኤስኦ -አውትዴቭ ሠርግ_አዲስ.አይኤስኦ -ቼንጅስ_ፔንዲንግ የስ

የመጨረሻዋ አስፈላጊ ናት። ዞሪሶ የተለወጠ ነገር ካላየ አይጽፍም፤ "ምንም የተነካ የለም" ብሎ ዝም ብሎ ይወጣል። እዚህ ላይ የምትለውጪው አዲስ ነገር ስለሌለ "ለውጥ አለ በል" ማለትሽ ነው። ቃሉ ቼንጅስ፣ የታች ሰረዝ፣ ፔንዲንግ ነው፤ ቼንጅስ መጨረሻዋ ላይ ኤስ አላት።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ማጥፋቱንም መገልበጡንም አንድ ላይ አድርጊው። ከአውትዴቭ ቀጥሎ "-አርኤም_አር" ብለሽ የሚጠፋውን ፎልደር አድራሻ ጻፊ፤ ሁለት ሰረዝ አድርገሽ ዝጊው። አንድ ፎቶ ብቻ ከሆነ "-አርኤም" ይበቃል። ያኔ ቼንጅስ ፔንዲንግ አያስፈልግም።

አዲሱ ከአሮጌው ማነሱን እዪ። ያጠፋችሁት ሃምሳ ሜጋ ከሆነ ሃምሳ ሜጋ ገደማ መቀነስ አለበት። ከዚያ ፎቶሬክን አዲሱ ላይ አስኪጂው። የልጅቷ ፎቶዎች ካልመጡ፣ አሮጌውን አይኤስኦ አጥፊው። ባክአፕ ሃርድ ዲስክ ላይ ያለውንም፣ ካሜራው ካርድ ላይ ያለውንም፣ ለአልበም ሥራ ወደ ማተሚያ ቤት የላካችሁትንም አስቢ። በዲቪዲ በርን ያደረጋችሁት ቅጂ ካለ እሱን መስበር ነው እንጂ ሌላ የለውም። የመጀመሪያው አይኤስኦ የነበረበት ፍላሽ ከሆነ ደግሞ ማጥፋት ብቻ አልበቃም፤ ፎቶሬክ እዚያም ይሠራል። ፍላሹን ፎርማት አድርገሽ እስኪሞላ ድረስ ሌላ ነገር ገልብጪበት፤ ከዚያም ቢሆን ለሰው አትስጪው።

ይሄን ሁሉ ስትጨርሺ ደውዪላት። ደንበኛ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲጠይቅሽ ገንዘብ አትቀበዪ፤ ይሄ የእኔ አስተያየት ነው፣ ወንድምሽ ላይስማማ ይችላል።

ጥያቄ፦ ፖሊ ተማሪ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር የመመረቂያ ሥራችን የእንቦጭን መስፋፋት በካሜራ መከታተል ነው። ሐይቁ ዳር የምንተክላቸው ትንንሽ ኮምፒውተሮች ናቸው፣ የሚነሱት ከሚሞሪ ካርድ ነው። ሁሉም ላይ የምንጽፈው አንድ ኢሜጅ ፋይል አለን። ውስጡ ያለችውን የማስተካከያ ፋይል ለየካሜራው መቀየር እንፈልጋለን። ካርዱን እየጻፍን፣ ከፍተን፣ እያረምን ሰለቸን። የላብ ኮምፒውተሩ ደግሞ የሱዶ ፈቃድ የለንም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እናንተ ዕድለኞች ናችሁ። የካርድ ኢሜጅ አይኤስኦ አይደለም። ውስጡ ያለው እንደ ማንኛውም ዲስክ የሚጻፍበት ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ነው፤ ስለዚህ እዚያው ማረም ይቻላል። ያለ ሱዶም ይቻላል።

ኤምቱልስ የሚባለውን አስጭኑ። ይሄ ፋት ፓርቲሽን ላይ ያለ ማውንት የሚሠራ የዱሮ መሣሪያ ነው። መጀመሪያ "ኤፍዲስክ -ኤል ካርድ.አይኤምጂ" በሉ። የመጀመሪያው ፓርቲሽን አጠገብ "ስታርት" የሚል ቁጥር ታያላችሁ። እሱን በ512 አባዙት። 2048 ከሆነ 1048576 ይመጣል፤ 8192 ከሆነ 4194304። የእናንተ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ከጓደኛ አትቅዱ። ከዚያ፦

ኤምኮፒ -ኦ -አይ ካርድ.አይኤምጂ@@1048576 ማስተካከያ.ቲኤክስቲ ፡፡/

መጨረሻ ላይ ያለው ሁለት ጊዜ የተጻፈ የእንግሊዝኛ ኮሎን፣ ቀጥሎም አንድ ወደ ቀኝ ያጋደለ ሰረዝ ነው፤ የእኛን አራት ነጥብ አታስገቡ። "ኦ" ትንሿ ፊደል ናት፣ ያለውን ሳትጠይቀኝ ተካው ማለት ናት። ኢሜጁን ለየካሜራው ኮፒ አድርጋችሁ ይሄን በስክሪፕት ብታዞሩት ማንም መቀመጥ አያስፈልገውም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ኢሜጁ "ኤክስዜድ" በሚል መጨረሻ የተጨመቀ ከሆነ መጀመሪያ በ"አንኤክስዜድ" ይፈታ፤ ተጨምቆ እያለ ውስጡ አይገባም። ይሄ መንገድ ደግሞ ለማስነሻው ፋት ፓርቲሽን ብቻ ነው። የምትፈልጉት ፋይል ዋናው የሊኑክስ ፓርቲሽን ላይ ከሆነ "ዲባግኤፍኤስ" የሚባለውን መሣሪያ መጠቀም ወይም ሱዶ ያለው ሰው መለመን ሊኖርባችሁ ነው። ሱዶ ያለው ከተገኘ "ሎሴትአፕ -ኤፍፒ --ሾው ካርድ.አይኤምጂ" (ሎሴትአፕ፦ ኤል፣ ኦ፣ ኤስ፣ ኢ፣ ቲ፣ ዩ፣ ፒ፤ "ኤፍፒ" ላይ ያለችው ፒ ትልቋ ፊደል ናት) ብሎ ፓርቲሽኖቹን ለየብቻ ያወጣላችኋል። ማውንት አድርጋችሁ፣ አርማችሁ፣ አንማውንት አድርጋችሁ፣ በ"ሎሴትአፕ -ዲ" ልቀቁት። አንማውንት ሳይደረግ ካርድ ላይ የተጻፈ ኢሜጅ ውሃ ዳር ከተተከለ በኋላ ነው ጉዱ የሚታየው፤ ያን ጊዜ ደግሞ በጀልባ መመለስ ነው።

ጥያቄ፦ ጎርጎራ ነው ያለሁት። ግራፊክስ እሠራለሁ፣ ማክ አለኝ። ለደንበኞች የምልከው "ዲኤምጂ" (የማክ ዲስክ ኢሜጅ) ውስጥ አንድ ሎጎ መቀየር አለብኝ። ከፍቼ ልገለብጥበት ስል አይሆንም።

መልስ፦ ስትሠራው ተጨምቆ የሚነበብ ብቻ ሆኗል፤ ስሙ ዩዲዜድኦ ይባላል። ወደሚጻፍበት ዓይነት፣ ወደ ዩዲአርደብሊው፣ ቀይረው፦

ኤችዲአይዩቲል ኮንቨርት ሥራ.ዲኤምጂ -ፎርማት ዩዲአርደብሊው -ኦ ረቂቅ.ዲኤምጂ

ረቂቁን ሁለቴ ክሊክ አድርገህ ክፈት፣ ሎጎውን ተካ፣ አስወጣው። ከዚያ ያንኑ ትዕዛዝ ገልብጠህ፣ ረቂቁን አስቀድመህ ፎርማቱን ዩዲዜድኦ በለው፤ ለውጤቱ አዲስ ስም ስጠው። አዲሱ ሎጎ ትልቅ ሆኖ "ቦታ የለም" ካለህ ረቂቁን ከመክፈትህ በፊት "ኤችዲአይዩቲል ሪሳይዝ -ሳይዝ" ብለህ የምትፈልገውን መጠን ጻፍ፤ ለምሳሌ 500ኤም፤ ቀጥሎ የረቂቁን ስም። ስትጨምቀው ባዶው ቦታ ብዙም አይከብድም፣ ደንበኛህ የሚያወርደው በስልክ ዳታ ስለሆነ ይሄን አስብለት።